ፍላሹን የትም እንዳትሰኪው

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ ደህና ነው? ወገቤን ከሚያመኝ በቀር እኔ ደህና ነኝ። ሰሞኑን ስትደውዪ ቶሎ ቶሎ የምዘጋብሽ ተቆጥቼ አይደለም። ድምፅሽን እየሰማሁ ይኼን መናገር አቃተኝ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ነገ ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው እጅ እልከዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ የሠርግሽን ቪዲዮ የገለበጥሽበትን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት አላቅቂውና ለሚያውቅ ሰው አሳዪው። እሱ ላይ ተሰክቶ የነበረ ፍላሽ ካለሽ የትም እንዳትሰኪው። ቫይረስ አለበት። አንቺ አላወቅሽም፤ ማንም ቢሆን ሳያውቀው ነው የሚገባበት።

የላክሽው ፍላሽ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው። ቤት ኮምፒውተር እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። የጤና ጣቢያችን የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ በምሠራበት ካርድ ክፍል ስክሪኑ ጥግ ላይ በእጁ ጽፎ የለጠፋት ወረቀት አለች፤ «የውጭ ፍላሽ አይሰካም። ቀይ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ነቅላችሁ ጥሩኝ» ትላለች። ሌሎቹ ሲስቁበት የምቆጣለት እኔ ነበርኩ። የዚያን ቀን በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቼ ሰካሁት። ቀዩ መጣ። አልከፍትም አለኝ። ጸረ ቫይረሱን አጠፋሁትና ከፈትኩት።

አየሁሽ። ነጭ ለብሰሽ ደረጃውን ስትወርጂ፣ ጫማሽ ተንሸራቶ ስትስቂ። ሦስት ጊዜ መላልሼ አየሁ። ከዚያ ዓይኔን ጠራርጌ ባለወረፋዎቹን አስገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከስምንት ሺህ ሰው ካርድ አንድም አልከፈት አለ። ስክሪኑ ላይ ያለው ገንዘብ ካልከፈላችሁ አንለቅም የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። የወረቀት ካርዶቹን ካስወገድን ሁለት ዓመት አልፎናል። ባለሙያው መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥበት ዲስክም ሳይነቀል አድሮ ኖሮ አብሮ ተቆልፏል።

ረፋዱ ላይ ቀሚስ ሰፊዋን አመጧት። ያቺ ከቤታችን ዝቅ ብላ የምትኖረው፣ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብስሽን የሰፋችልሽ። ትኩሳቱ ያስቃዣታል፣ ራሷን አታውቅም። ይዛት የመጣችው ጎረቤቷም ስለ ጤንነቷ የምታውቀው ነገር የለም። ነርሷ ወደኔ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ካርዷ ላይ የማይስማማት መድኃኒት ተጽፎ ነበር?» አለችኝ።

«አላስታውስም» አልኳት።

እውነቴን ነበር። ፔኒሲሊን አይስማማትም ብዬ በነዚህ ጣቶች የመዘገብኩት እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ፣ መርፌውን ከወጓት በኋላ ነርሷ ኦክስጅን ፍለጋ ስትሮጥ ሳይ ነው። ሩብ ሰዓት አልቆየችም።

ጥፋቱ ባለሙያው ላይ ወደቀ። ዲስኩን አልነቀለም፣ ጸረ ቫይረሱን በጊዜ አላደሰም ተባለ። ዲስኩን አለመንቀሉን አልካደም። ቫይረሱ በማን በኩል እንደገባ ግን ሊደርስበት አልቻለም። ሥራ አስኪያጇ አንድ በአንድ እየጠራች ጠየቀችን። የውጭ ፍላሽ ሰክተህ ነበር ወይ ስትለኝ አልሰካሁም አልኩ። የልጄ ስም እንዳይነሳ ነው፤ ለራሴ እንደዚያ ነው የነገርኩት።

ትናንት ተሰናብቶ ዕቃውን ሊወስድ መጣ። ካርቶኑን ተሸክሜ እስከ በሩ ሸኘሁት። ያንቺ እኩያ ነው፣ ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች። ጨበጠኝና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ነገሬን ከምር የሰማኸኝ አንተ ብቻ ነበርክ» አለኝ።

ካርቶኑን አቀበልኩትና ተመለስኩ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ገብቼ እነግራታለሁ። ያለፈውም ሰኞ፣ ከዚያ በፊት የነበረውም ሰኞ እንደዚሁ ብዬ ነበር።

ትዳርሽ የሰመረ ይሁን፤ የቤትሽን ሰላም አይንሳሽ፤ ክፉ ነገር ደጃፍሽን አይርገጥ። ይኼ ሲደርስሽ ደውዪና «ነገርካት ወይ?» በዪኝ። ዝም ካልኩ ስልኩን አትዝጊብኝ።

አባትሽ