ከሕይወት ታሪክህ የሰረዙት

ግርምዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሃምሳ ሦስት ቀን ሆነ። ዛሬ የምጽፍልህ ላለቅስልህ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ንዴቴ አንተንም ይነካሃል፣ አስቀድሜ ልንገርህ።

እኔ እዚያው የስደት ሰፈራችን ካላክላ ነኝ። መሕከማ፣ ዳኛ ፊት ለማስተርጎም ስትሄድ የምትለብሰውን ጥቁር ሱፍ ለወንድምህ ሰጠሁት፤ ትከሻው ላይ ሰፋው። ሌላው እንደነበረ ነው።

ለአርባህ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እኔው ጻፍኩት። በሰው ቤት ለሚሠሩት ሴቶቻችን በየፖሊስ ጣቢያው ስትቆም መኖርህን ጻፍኩ። ክራር ትመታ፣ በሠርጋችንም ትዘፍን እንደነበር ጨመርኩበት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ ወረቀቱን ተቀበለኝና ያቺን መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዛት። ለትልቅ ሰው አይመጥንም አለኝ። በሕይወትህም ያንኑ ሲልህ ነበር፤ ዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ሠርግ ቤት እየዘፈነ ክብራችንን ያወርዳል እያለ። አንተም ሰማኸው! ሠርግ መሄዱን ተውክ። ባለፈው ዓመት እቤትህ እንኳ በር ዘግተህ፣ እንደ ሌባ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ትዘፍን ጀመርክ። ጎረቤታችን ሐጃ እንኳ ባልሽ ምን ሆነ ብላ ጠየቀችኝ።

ሰዓዳን እንዴት ረሳሃት? ያቺን የወሎ ልጅ፣ አሠሪዋ ወርቅ ሰረቀችኝ ብላ ያሳሰረቻትን። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሱፍህንና የተቋጠረ ግንባርህን አይታ ከፖሊሶቹ ወገን መስለሃት ነበር። ኋላ ቀና ብላ ያለችህን እየሳቅህ ነግረኸኛል፦

«ጀሪፍ ሰፈር፣ ሠርግ ላይ ስትዘፍን ድምፅህ የተሰነጠቀብህ አንተ አይደለህ?»

ፖሊሱ ፊት ሳቅህ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ ተናገረች። ወርቁን ያወጣው የቤቱ ትልቅ ልጅ ነበር። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ከሸጠበት ወርቅ ቤት ተገኘ፣ ልጅቱም ተፈታች። አፏን ያስከፈታት ሱፍህ ነበር እንዴ?

በአርባህ ቀን ጋሽ ታደሰ ድንኳኑ መሃል ቆሞ አነበበ። ሥራውን አክባሪ፣ ቁምነገረኛ፣ ጭምት ሰው ነበር አለ። የማን ባል ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲህ ያለ ሰው አላገባሁም። ተነሳሁ።

«ያስቀራችሁት አለ» አልኩ። «ባሌ ይዘፍን ነበር። ድምፁም ይሰነጠቅ ነበር። ሰዓዳን ያስፈታት ያ ድምፁ ነው።»

ሰዓዳ ከአዲሷ አሠሪዋ ለምና ፈቃድ ወስዳ መጥታ ነበር። ከሴቶቹ መሃል ተነስታ አጠገቤ ቆመች። ጋሽ ታደሰ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

አሁን የእድሩ ሰዎች ሽማግሌ አዋርደሻልና ይቅርታ ጠይቂ እያሉ ይልኩብኛል። አልጠይቅም። ከእድሩ ቢያስወጡኝም አልጠይቅም።

አንተንም ያን በር ስለዘጋህ ገና ይቅር አላልኩህም፤ ሲወጣልኝ እነግርሃለሁ። እስከዚያው ግን ስለ አንተ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ባሌ አስተርጓሚም ዘፋኝም ነበር ብዬ በአንድ ትንፋሽ እናገራለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ አንዱን ከሌላው ለይቶ የሚቀብርህ የለም።

ሚስትህ አልማዝ