ሦስት ጣት ያረፈበት ዳቦ

ለልጄ ለጀላል አብዱልወሀብ፤ አሰብ።

አሰላሙ አለይኩም ልጄ። እንዴት ሰነበትክ? የአሰብ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ወደብ ላይ ስትሸከም የታመመው ወገብህ ተሻለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። እህትህ ረሂማ ደህና ናት። አባትህም ዐይናቸው ቢደክም ለሶላት ከሁላችንም ቀድመው ይነሣሉ። ከናፍቆትህ ሌላ ቤታችን ውስጥ ያለው ፍርሃት ነው፤ እሱን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ይህ ወረቀት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ድሮ ለሰው እየተናገርኩ አስጽፍ ነበር። አሁን የሚሰማኝን ሰው ስለምፈራ በመሠረተ ትምህርት በተማርኳት ፊደል ራሴ ጻፍኩት። በፖስታም አልላክኩትም፤ ከኮምቦልቻ አሰብ የሚመላለሰው ሾፌር ዘይኑልአቢዲን በእጁ ይሰጥሃል። አንብበህ አቃጥለው።

ልጄ፣ አንድ ጥፋት አጥፍተሃል። በነሐሴ በጻፍክልኝ ደብዳቤ የወንድምህ የሞት ቀን ዘንድሮ መስከረም ሁለት ላይ እንደሚውል ቆጥሬአለሁ፣ እመጣለሁ ብለሃል። ደብዳቤውን ያመጣልኝ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሸረፈዲን ነው። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና ተለጥፏል። ሸረፈዲንን ታውቀዋለህ፤ ከወንድምህ ከሙሄዲን ጋር ቁርኣን የቀራ፣ ቤታችን በልቶ ያደገ ልጅ ነው። «እማማ መርየም፣ ጀላል አሰብ ሆኖ የአብዮታችንን ቀን ይቆጥራል እንዴ? ጎበዝ አብዮተኛ ወጥቶታል» ብሎኝ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሲሄድ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ቀኑን ለምን በጨረቃ እንደምቆጥር ነግሬህ አላውቅም። ሙሄዲንን በ1970 ዓ.ም. ከአረፋ በሰባተኛው ቀን ገድለው ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ዳር ጣሉት። ደረቱ ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ወረቀት ነበር። ማልቀስ ስለተከለከልን ነጠላዬን ነክሼ ዋልኩ። የት እንደቀበሩት አልነገሩኝም። መቃብር የለውም ልጄ፤ ያለው ቀኑ ብቻ ነው። እነሱ ቀኑን ኅዳር ብለው መዝግበውታል። ኅዳር ሲመጣ ቤታችን ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ይጠብቃሉ። እኔ በኅዳር ልብስ አጥባለሁ፣ ስብሰባ እሄዳለሁ፣ መፈክር አሰማለሁ። ለነፍሱ ብዬ የማበላውን ሰደቃ የማደርገው በጨረቃ ነው። ጨረቃ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ስለምትቀድማቸው አልደረሱባትም። ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጌ ደበቅኩት።

ዘንድሮ ግን ተሸሽጌ ተሸሽጌ በዓላቸው መሀል ወደቅኩ። አብዮቱ አሥር ዓመት የሞላበት መስከረም ሁለትና የሙሄዲን ቀን አንድ ሆኑ። ሁሉም ሰው ለሰልፍ እንዲወጣ፣ እያንዳንዱም ቤት ከቀበሌ ሱቅ በተሰጠው ዱቄት አንድ ዳቦ ጋግሮ ለእንግዶች እንዲያመጣ ታዘዘ። ቤቴ ሰደቃ ላድርግ ብል ያንተ ደብዳቤ አለ። ልተወው ብል ልጄን ሁለተኛ መቅበር ሆነብኝ። ስለዚህ ለእነሱ በምጋግረው ዳቦ ላይ ኒያዬን፣ የልቤን ሐሳብ፣ አሰርኩ፤ የሙሄዲን ሰደቃ ይሁን አልኩ። ኒያ በልብ ነው፣ ማን ያየዋል ብዬ። ትራፊውም ከቢስቲማ በኩል ረሃብ ነድቶት መጥቶ መንገድ ዳር ለተኛው ሰው ይደርስ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

እጄ ግን አሳጣኝ። እናቴ የሰደቃ ዳቦ ስትጋግር ቢስሚላህ ብላ ሊጡ ላይ ሦስት ጣቷን ትጫን ነበር። እኔም እንደሷ አደርጋለሁ፤ ታስታውሳለህ፣ ለሌላ ዳቦ አናደርገውም። ሳላስበው ጣቴ አርፎበት ኖሯል። ያየሁት ከበሰለ በኋላ ነው። ሌላ ዱቄት አልነበረኝም።

ሰልፉ ላይ ጎረቤታችን ሸሪፋ «አብዮቱ ገና አሥር ዓመቱ ነው፣ በራሱ እግር ይሂድ፤ እኔ ስድሳዬን ይዣለሁ፣ ልቀመጥ» እያለች ሴቶቹን በቀስታ ታስቃለች። እኔ መፈክሩን በአፌ እየተቀበልኩ በልቤ ዱዓ አደርግ ነበር። ሰልፉ ሲያልቅ ዳቦዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ሸረፈዲን ቢላ ይዞ እየቆረጠ መጣ። የእኔው ጋ ሲደርስ ቢላው ቆመ። የጣቶቼን ምልክት በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ቆርጦ በላ። በልቶም ሁለት መዳፉን ዘረጋና ፊቱን አበሰ፤ ልክ ከዱዓ በኋላ እንደምናደርገው። ወዲያው ኮፍያውን አስተካክሎ አየኝ። የቀረውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ። ሸሪፋ በዐይኗ ስትከተለው፣ ግንቡ ሥር ልጅ ታቅፋ ለተቀመጠች ሴት ሰጣት አለችኝ።

ይኸው ስምንት ቀን ሆነ። በደጃችን ያልፋል፣ ሰላም ይለኛል፣ ምንም አይጠይቀኝም። እጁ ለምዶበት ነው? ወይስ አውቆ ሰደቃውን አደረሰልኝ? አባትህ አላህ ልቡን አራርቶታል፣ አመስግኚ ይሉኛል። እኔ ግን እፈራለሁ። ዛሬ የራራ ሰው ነገ እነሱ ሲጠይቁት ምን እንደሚል አላውቅም። ሙሄዲንንም ከፒያሳ የወሰዱት የሚያውቁት ልጆች ናቸው። በር በተንኳኳ ቁጥር ረሂማን ጓዳ አስገባታለሁ።

ቀኑ ሲደርስ አለመምጣትህን አይቼ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ አሁንም አደራህን አትምጣ። ወጣቱን ለውትድርና እየመዘገቡት ነው፤ አንተን ደግሞ በስምህ ያውቁሃል። ረሂማ በፖስታ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ብላ ከጻፈችልህ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ከአሰብም ራቅ በል። ቀኑን ከእንግዲህ ወረቀት ላይ አታስፍር። አረፋን ካወቅክ ሰባት ቁጠር፣ ሰደቃህንም እዚያው አድርግ። በመጪው ዓመት ከበዓላቸው ርቆ ነሐሴ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ እንደገና የእኛ ብቻ ይሆናል።

አባትህ በዱዓቸው አይለዩህም። ረሂማ እጅህን ትስማለች። ሸሪፋም ሰላም ብላሃለች። ባለቤትህን ኡሙሰልማን ስለ ጨርቁ አመስግንልኝ፤ ለብሼው እሰግዳለሁ። በወንድምህ ስም የጠራኸውን ትንሹን ሙሄዲንን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። ስትጠሩትም ጮክ ብላችሁ ጥሩት። እኔ ያንን ስም ጮክ ብዬ ከጠራሁት ሰባት ዓመት ሆነኝ።

እናትህ መርየም
ደሴ፣ ሆጤ
ከአረፋ በአሥራ አምስተኛው ቀን