በቢጫ ክር የታሰረ ጥፋት

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽስ? እማዬን ሳሉ ቀነሰላት ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ልልሽ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ብዙ ጎድሎብኛል።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በስልክ ስለማታነጋግሪኝ ነው። በደወልኩ ቁጥር ታነሺና ድምፄን ስትሰሚ ለእማዬ ታቀብያታለሽ። ይኸው ሁለት ዓመት! ይሄን ደብዳቤ ግን እማዬ መነጽሯን ፈልጋ እስክታገኝ አንቺ አንብበሽ ትጨርሺዋለሽ። የሄድኩ ለት ያልኩሽን አልረሳሁም። ሻንጣዬን ተሸክመሽ በር ድረስ እየሸኘሽኝ፣ አንቺማ እማዬን ታቅፈሽ ከመቀመጥ ሌላ ምን ታውቂያለሽ አልኩሽ። ምላሴን በቆረጠው! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለእኔ ነው።

የምሠራው የሆቴል ልብስ በሚታጠብበት ቤት ነው። አምስት ሴቶች ተደርድረን እንተኩሳለን። ከአጠገቤ የሚቆሙትን እናት፣ «ወይዘሮ ቀስ በቀስ» ብዬ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። የሠርግ ጠረጴዛ ልብስ ሲተኩሱ፣ በእርስዎ አተኳኮስ ይሄ እስኪደርስ ሙሽሮቹ የልጅ ልጅ ያያሉ እያልኩ አሾፍባቸዋለሁ፤ እሳቸው ፈገግ ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

እዚህ እያንዳንዳችን የተኮስነውን ጥቅል በየራሳችን ቀለም ክር እናስራለን፤ ጥፋት ቢገኝ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። የእኔ አረንጓዴ፣ የእሳቸው ቢጫ ነው። ባለፈው ሰኞ አረንጓዴው አለቀብኝና፣ ማን ዕቃ ቤት ድረስ ይሄዳል ብዬ ከእሳቸው ቢጫ መዝዤ አሰርኩ። ችግሩ፣ ከጥቅሉ ውስጥ አንዱን የጠረጴዛ ልብስ በካውያ አሳርሬ ያረረውን ወደ ውስጥ አጥፌው ነበር።

ረቡዕ ልብሱ ተመልሶ መጣ። አለቃችን ቢጫውን ክር አየና ሴትዮዋን በሁላችን ፊት አዋረዳቸው፤ ከነገ ጀምሮ እንዳላይዎት አላቸው። እሳቸው ጨርቁን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ እሺ ልጄ ብለው ሽርጣቸውን ፈቱ። እኔስ? ካውያዬን እገፋለሁ። ለክፉ የሚፈጥነው ምላሴ ለደግ ሲፈለግ ጠፋ።

ክፍሌ ገብቼ ተንበረከክኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? አምላኬ ሆይ፣ እውነቱን አንተ አውጣው አልኩ። እስቲ አሁን ይሄ ጸሎት ነው? አፉን ለእኔ ሰጥቶኝ ሲያበቃ ተናገርልኝ ብዬ መለመኔ! አፍሬ ተነሳሁ። በማግስቱ ለአለቃችን ሁሉም እየሰሙ ተናገርኩ። እሳቸው እንዲመለሱ ተባለ፤ እኔ ለአንድ ወር እርጥብ አንሶላ ተሸካሚ ሆኛለሁ። ፍርዱ ልክ ነው፣ ትከሻዬ ግን ይግባኝ ይላል።

ወዲያው እሳቸውን ልጠራ ቤታቸው ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝና፣ ምሳ በልተሻል ወይ አሉኝ። እታለም፣ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ የሰው ቤት መግባቴን ረስቼ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። የባሰው ቀጥሎ መጣ። ልብሱን ያየሁ ለት አስተጣጠፉ ያንቺ መሆኑን አውቄዋለሁ አሉኝ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ ራስሽ እስክትናገሪ ልጠብቅሽ ብዬ ነው፤ በሰው አፍ ሲሆን ውርደት ነው፣ በራስ አፍ ሲሆን ንስሐ ነው አሉ።

የአንቺን ዝምታ ቂም ነው እል ነበር። ለካ ስትጠብቂኝ ኖረሻል! እኔ እማዬን ሰላም በይልኝ ከማለት በቀር፣ ይቅርታ የሚል ቃል አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። እንግዲህ በራሴ አፍ ልናገር። በድዬሻለሁ፣ እታለም። እኔ ወጥቼ መሄድ የቻልኩት አንቺ ቤቱን ደግፈሽ ስላቆምሽው ነው። ማታ ማታ ጎን ለጎን ተኝተን የምናወራው፣ እማዬም ተኙ እያለች የምትቆጣን ጊዜ ይናፍቀኛል። አንቺ ትናፍቂኛለሽ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አጎታችንን፣ አሁንም ከሬዲዮኑ ጋር የሚከራከሩ ከሆነ፣ እጅ ነስታለች በይልኝ። ታናሻችንን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚው። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በያት።

እሑድ እደውላለሁ። ስታነሺ ለእማዬ አታቀብያት። መናገር እንኳ ቢያቅትሽ ያዢው፤ ትንፋሽሽን ልስማ።

ታናሽሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
የካቲት ፱ ቀን