ከቀዝቃዛው ቧንቧ የወጣ እንፋሎት

ውድ ባስልኤል፣

ልጅህ ደህና ነው። እናትህም እኔም ደህና ነን። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልህ የቀረውን ተረጋግተህ እንድታነብ ነው። እሑድ ወደ ማሻ ከተማ ወጥተህ እስክትደውል መጠበቅ አልችልም፤ እናንተ ለሥራ የገባችሁበት ጫካ ደግሞ ኔትወርክ የለውም። ሾፌሩ ጴጥሮስ ዛሬ መኪናውን ይዞ ወደዚያ ስለሚወጣ ደብዳቤውን ሥራ ቦታህ ድረስ አምጥቶ በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ። ቦይለሩ ሊገድለን ነበር። አሁን ሌላ ሰው እንዳይገድል ማድረግ የምትችለው አንተ ነህና እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ከመሄድህ በፊት የነበሩትን ቀናት አስታውስ። እኔ ወልጄ ከሆስፒታል ገባሁ፤ እናትህ ሊያርሱኝ ከጌጫ መጡ። አራስ በሚፋጅ ውሃ ካልታጠበች ወገቧ አይጠናም ባይ ናቸው፤ የእኛ ቦይለር ደግሞ ለብ ከማለት አያልፍም። ብሬከሩን አየህ፣ ደህና ነው። ማሞቂያ ብረቱን አውጥተህ የተጋገረበትን ፋቅህ፣ እሱም ደህና ነው። ችግሩ የመብራቱ እንደሆነ ያኔም ታውቅ ነበር። ከሠፈራችን ጀርባ ያለው የቡና መፈልፈያ ሥራ ሲጀምር አምፖላችን እንኳ ይፈዛል፤ ቦይለሩ ከየት አምጥቶ ያሙቅ? እናትህ ግን በየማለዳው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው «ይኼ ነው ሙቅ? የልጅህ ሽንት ይሻላል!» ሲሉህ ከውስጥህ ትቃጠል ነበር። የኤሌክትሪክ ሙያህን የነኩብህ መሰለህ።

ስለዚህ ሙቀቱ ሲበቃ መብራቱን የሚቆርጠውን ቴርሞስታት አልፈህ ሽቦውን በቀጥታ አገናኘኸው። ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ሴፍቲ ቫልቭ ደግሞ እናትህ «ወለሉን አጨቀየው» ስላሉ መውጫውን ደፈንከው። «አይዞሽ፣ በዚህ መብራት አይፈላም። ሲሞቅ እማዬ ታጠፋዋለች» አልከኝ። ዓይንህ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቶ ነበር። ለእኔ ብለህ መሆኑን ስለማውቅ አንጀቴን በላኸኝ። አሁንም ሳስበው አንድ ጊዜ አንጀቴን ትበላኛለህ፣ ወዲያው ደግሞ ላንቅህ ይቃጣኛል።

መፈልፈያው የዘንድሮውን ቡና ጨርሶ ሰሞኑን ቆመ። አምፖሉ ቦግ አለ፤ እኛም እሰይ አልን። ትናንት እናትህ ኪዳን ሊያስደርሱ ማልደው ሲወጡ ቦይለሩን አብርተው ሄዱ፤ እሳቸውም ለእኔ ብለው፣ በደንብ እንዲፋጅልኝ። ሲመለሱ የምታጠብበትን ወንበር አሰናድተው ውሃውን ሊያመጣጥኑ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፈቱ። ድምፃቸውን ከመኝታ ቤት ሰማሁት።

«ህሊናዬ፣ ዛሬስ ቀናሽ! ቀዝቃዛው ሳይቀር ሞቀልሽ!»

ክው አልኩ። ከቀዝቃዛው ቧንቧ ትኩስ ውሃ መጣ ማለት ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ አጥቶ ወደ መጣበት እየገፋ ነው ማለት ነው። የባለሙያ ሚስት ሆኜ ይህቺን ያህል ከአንተው አፍ ሰምቻለሁ። ሮጬ ስደርስ ቧንቧው ውሃውን ትቶ እንፋሎት ይተፋል፤ ቦይለሩ ግድግዳው ላይ እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል። እናትህ ፊታቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ይስቃሉ። ብሬከሩን አወረድኩት። መንተክተኩ ግን አልቆመም።

«እማማ ይውጡ! ሊፈነዳ ነው!»

ልጁን ከአልጋው አንስቼ ወደ ውጭ ስሮጥ ቀድመውኝ በሩ ላይ ተገትረዋል።

«ወዴት? ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ይዘሽ? አራስ እኮ ነሽ! ብርዱስ? የሰው ዓይኑስ? እሱን የሠራው ልጄ ነው፤ የልጄን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ!»

«ተሳስቷል እማማ፣ ይልቀቁኝ!»

«እኔ ቆሜ አትወጪም አልኩሽ!»

ታውቀኛለህ፣ እናትህን ቀና ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። ትናንት ግን ልጁን በአንድ ክንዴ እንደያዝኩ በሌላው እሳቸውን ከነነጠላቸው ጎትቼ አወጣኋቸው። እየተራገሙኝ ነበር። የግቢው በር ጋ ሳንደርስ ከቤት ውስጥ ጓ! አለ። ከቦይለሩ ሥር ያለው ቱቦ ተበጥሶ የፈላው ውሃ መታጠቢያ ቤቱን አጥለቀለቀው፤ እንፋሎቱ በመስኮት ይወጣ ነበር። እንፋሎቱ ጋብ ሲል ብናይ የምቀመጥበት ፕላስቲክ ወንበር ተጣሞ አገኘነው። እናትህ ወንበሩን አይተው አፋቸውን ይዘው ቀሩ፤ እርግማኑም በዚያው ቆመ።

ጎረቤታችን ጀይላን ድምፁን ሰምቶ ሱቁን ጥሎ መጥቶልን ነበር። ከዚያም ከሱቁ በረንዳ አስቀምጦን ልጁን በጋቢ ሸፈነልን። «አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋችኋል» አለና ቀጥሎ፣ «የሚገርመው የእኛው ምንም አልሆነ። ባስልኤል እንደናንተው በቀጥታ ካገናኘልን ወዲህ እሳት ነው!» አለኝ።

ባስልኤል፣ ቱቦው ሲበጠስ ያልደነገጥኩትን ያህል በዚያች ቃል ደነገጥኩ። እኔኮ ለእኔ ብቻ ያደረግከው መስሎኝ ነበር።

«ሂድና አጥፋው! እንዳትነካካው፣ ብሬከሩን ብቻ አውርድ!» ብዬ ጮህኩበት። እየሮጠ ሄደ።

«ሌላስ ለማን ሠርቶ ነበር?» አልኳቸው እናትህን። የልጁን ጋቢ ማስተካከል ያዙ። እንዳላሳጣህ ፈርተው እንደሆነ ገባኝ። ኋላ ግን ቀስ ብለው፣ «ለመምህር ዓለምሰገድም ሠርቷል፤ ውሃው እንዴት እንደሚፋጅ አጫውቶኛል» አሉ። ልጁን ለጀይላን ሚስት ሰጥቼ ስነሣ ሊይዙኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ወደ ቤት ገብተው ከትራሴ ሥር የነበረውን ቢላ ይዘው ወጡ። «አራስ ያለ ብረት ደጅ አትወጣም። እኔ እይዝልሻለሁ፤ ነይ» አሉኝና ከፊት ከፊቴ ሄዱ።

መምህር ዓለምሰገድ በር ላይ አቁሞ ተከራከረን። «ባለሙያው ባልሽ ነው ወይስ አንቺ ነሽ? ልጆቼ ሊታጠቡ ነው» አለኝ። እናትህ ከኋላዬ ብቅ አሉ። «ባለሙያውን የወለድኩት እኔ ነኝ። አጥፋው!» ቢላው እጃቸው ላይ ነበርና መምህሩ ነገሩን አላራዘመውም። የእሱም ቀዝቃዛ ቧንቧ ሲከፈት ይተን ነበር።

ተመልሰን ወደ ቤት ስንቃረብ እናትህ መንገድ መሃል ቆሙ። «ሸኮስ?» አሉኝ።

ወደ ማሻ ስትሄድ መኪናችሁ ሸኮ ላይ ተበላሽቶ እስኪጠገን አንድ ሰው ቤቱ ወስዶህ ምሳ እንዳበላህ፣ አንተም በውለታው ቦይለሩን እንዲሁ እንዳደረግክለት በስልክ ነግረሃቸዋል። ስሙን ግን አልነገርካቸውም። ቤቱን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ጴጥሮስ ሸኮ ሲደርስ እንዲያጠያይቅ ለምኜዋለሁ፤ ግን ማንን ብሎ ይጠይቅ? በዚያም መፈልፈያዎቹ እየጨረሱ ነው አሉ። መብራቱ ሲበረታ እነሱም እንደኛ እሰይ ይላሉ፤ ልጆች ይኑሯቸው አይኑሯቸው እንኳ አላውቅም።

ልጃችን ቅዳሜ ክርስትና ይነሣል። እስከዚያ ለመድረስ እንደምትጣደፍ፣ ያገኘኸው መኪና ላይ ተንጠልጥለህ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ሁላችንም ዓይናችን መንገድ ላይ ነው፤ እኔም ናፍቀኸኛል፣ ተቆጥቼህም ናፍቀኸኛል። ግን ከቴፒ ስትነሣ ሸኮ ላይ ውረድ። ሰውዬው ገበያ ሄዶ ቤቱ ተዘግቶ ብታገኘው እስኪመጣ በሩ ላይ ቁም። ያገናኘኸውን ሽቦ ፍታ፣ የደፈንከውን ክፈት፤ ምን እንዳደረግክና ለምን እንደመጣህም ፊት ለፊት ንገረው። ሸኮን አልፈህ ብትመጣ ይህ በር አይከፈትልህም፤ እናትህም እንዲሁ በይው ብለውኛል።

እዚያ ስትቆይ ክርስትናው ቢያመልጥህ ደግሞ አትዘን። አባቱ የዚያን ዕለት የት እንደነበረ ልጁ ሲያድግ እኔ ራሴ በኩራት እነግረዋለሁ።

አሁን ተነሥ።

ህሊና
ሚዛን ተፈሪ