የሾላ ምንጭ ሁለቱ ውቤዎች

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ገብረሥላሴ መሸሻ
ደብረ ብርሃን

አባባ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቀኝ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ሲበረታ ተመልሶ አላስቸገረዎትም? ዓይንዎስ? የላክሁልዎ መነጽር ተስማማዎ ወይስ እንደ ፊተኛው መሳቢያ ውስጥ ተኛ? እማዬስ እንዴት ናት? ጾሙንስ እንዴት ይዛችሁታል? ሐኪሙ እንዳለዎ ረፋድ ላይ ትንሽ ይቀምሳሉ ወይስ ዛሬም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው? መልሱን ባውቀውም ከመጠየቅ አልቦዝንም። እኔ፣ ባለቤቴ መሳይና ልጃችን ሳያት በጸሎትዎ ደኅና ነን። ክረምቱ ረዝሞብን ነበር፤ አሁን ግን አምስተርዳም ኦስዶርፕ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ብቅ ማለት ጀምራለች።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ወንድሜ እዮብ እንደሆነ አውቃለሁ። መሐል ላይ ድምፁ ቢርበተበት አይቆጡት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። በስልክ ያልነገርሁዎም መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሰምተው በግማሹ እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያድምጡኝና ከዚያ ይፍረዱ።

በኅዳር የሆነውን አልረሱትም። ሳያት እጮኛዋን ዮናታንን በስልክ ስታስተዋውቅዎ እርስዎ እንደ ደንቡ «እስቲ ልጄ፣ በእናትህ ወገን ቁጠርልኝ» አሉት። ልጁ ሄግ ተወልዶ ያደገ ነውና እናቱ ከጎኑ ሆና እያቀበለችው፣ ብርነሽ፣ ፈቃደ፣ አየለ፣ ውቤ ብሎ ቆጠረ። «የየት አገር ውቤ?» ሲሉት ብርነሽ ስልኩን ተቀብላ «የቡልጋ፣ የሾላ ምንጭ» አለችዎ። የኛም ሐረግ እኔ፣ እርስዎ፣ አያቴ መሸሻ፣ ከዚያ ውቤ ነው። ሰባት ቤት መሙላት የነበረባቸው ልጆች በአምስተኛው ተገናኙ። እርስዎም «አያቴ ውቤ በጎን የወለደው ልጅ አለ ሲባል በልጅነቴ እሰማ ነበር። ይህ ደም ነው፤ አይሆንም» ብለው ስልኩን ለእማዬ ሰጡ።

ሳያት የዚያን ቀን፣ «ማማ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ሰው የኔን ትዳር ምን አገባው?» ብላ አልቅሳ ተኛች። እኔም እልኸኛ ናትና ልጁን ይዛ ማዘጋጃ ቤት ትሄዳለች ብዬ ሰጋሁ። በማግስቱ ግን ዮናታንን አስከትላ መጣችና «አያቴ ሳይመርቀኝ አላገባም፤ እሱም ተስማምቷል» አለችኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ያን ሳምንት አዳራሹን መለሱ፣ የጠሯቸውንም ጓደኞቻቸውን አንድ በአንድ እየደወሉ «ሰርጉ ተላልፏል» አሏቸው። እኔና ብርነሽም ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ከሩቁ እጅ እየተነሳሳን እንተላለፍ ጀመር። ሁለታችንም አላጠፋንም፤ ግን እንተፋፈር ነበር።

እንደሚያውቁት እኔ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞርሁ ነው የምረዳው፤ እዚህ ትዩስዞርግ ይሉታል። ከምሄድባቸው አንዷ ሜቭራው ኮሪ፣ በኛ ወይዘሮ ኮሪ፣ የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት ባልቴት ናቸው። ጧት ጧት እግራቸው እንዳያብጥ ጠበቅ ያለ ካልሲ አጠልቅላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አቀርባለሁ። የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ግን ሰሐን የሚያርፍበት ቦታ የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት መዝገብ ቅጂ ነው። ሰዎቹ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን ሁሉ ጽፈው አስቀምጠዋል። አሁን ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ስላለ ዘሩን የሚፈልግ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ያገኘዋል። እኔ እስከዚያ ድረስ የአሮጊት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጧት ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ፤ ነገርኋቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ይልቅ መነጽራቸውን አድርገው አንድ ወረቀት ጎተቱ። እነሱም የቤተሰብ ስም ሳይመጣ በፊት እንደኛው በአባት ስም ይጠሩ ነበር ለካ። «በአያቶቼ መንደር ስማቸው ያን፣ የአባታቸው ስም ፒተር የሆነ አራት ሰዎች ነበሩ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው አያት ስከተል ኖርሁ» አሉኝ። በምን አወቁ ስላቸው፣ «ስሙን ትቼ በዙሪያው የቆሙትን አየሁ። ሲጠመቅ ምስክር የሆነው ማን ነው? ሲሞት ያስቀበረው ማን ነው? ስም ይመሳሰላል፤ የቆሙለት ሰዎች ግን አይመሳሰሉም» አሉኝ። ቀጥለውም የናንተ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ የለውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አባባ፣ አፈርሁ። በዚህ ዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

እንግዲህ አሁን ነው የምናዘዘው። በጥር እዮብ በግ ሊገዛ ብሎ ሁለት ቀን ጠፍቶ፣ ባዶ እጁን ተመልሶ «ገበያው አልተመቸኝም» ያለዎ፣ ሾላ ምንጭ ሄዶ ነው። የላክሁት እኔ ነኝ። ለእርስዎ እንዳይነግርም ያስማልሁት እኔ ነኝ። ካልተገኘ ቁስልዎን ሁለተኛ መንካት ይሆንብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የጊዮርጊስ ቄሰ ገበዝ መጀመሪያ መዝገቡን አላሳይም ብለውት ነበር አሉ። የማን ልጅ ነህ ሲሉት ከእርስዎ ጀምሮ እስከ ውቤ ቆጠረላቸው፤ ያን ጊዜ ቁልፉን አንስተው ገቡ። ሁለት መዝገብ አወጡለት፣ አንዱ የክርስትና፣ አንዱ የፍትሐት። የፍትሐቱን ጠርዝ አይጥ ቀምሶታል። እዮብ አሥራ አንድ ገጽ በስልኩ አንስቶ ላከልኝ። ቀለሙ ደብዝዞ፣ ፊደሉ ተጣብቆ፣ እኔ ከስሙ ሌላ ምንም ማንበብ አልቻልሁም።

ስለዚህ የካቲት አንድ ቀን እሑድ፣ ሮተርዳም ከቅዳሴ በኋላ፣ ቀሲስ ወልደየስ ዘንድ ወሰድነው። ብርነሽም ስኬቨኒንገን ከምትሠራበት ሆቴል ፈቃድ ጠይቃ ከሄግ መጣች። ዮናታን ፎቶውን በኮምፒውተሩ እያጎላ፣ ቀሲስ በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ጀመር። መጀመሪያ የወጣው እርስዎ ነዎት። «መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፬ ዓመተ ምሕረት፣ ሕፃን ገብረሥላሴ፣ አባቱ መሸሻ ውቤ» ይላል። አባባ፣ ስምዎን እዚያ ሳየው ዮናታንን አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲያጎላው ለመንሁት። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው የሚጠመቀው ብለው ቀሲስ ሲነግሯት ሳያት ወደ ኋላ ቆጥራ የካቲት ሦስት ቀን እንደተወለዱ አወጣች። ጣልያን በወጣ በዓመቱ ከማለት በቀር ቀኑን እርስዎም እኛም አናውቀው ነበር። ከዚህ ወዲያ ልደት አለዎ።

ቀጥሎ የብርነሽ አባት የአቶ ፈቃደ ክርስትና ወጣ፤ በ፲፱፻፴፮ ነው። አባቱ አየለ ውቤ ይላል። ብርነሽ በረዥሙ ተነፈሰች፣ ሳያት ዓይኗን ከደነች። እኔ ግን የሜቭራው ኮሪ ነገር ትዝ ብሎኝ፣ ክርስትና ያነሳው ማን ነው ብዬ ቀሲስን ጠየቅሁ። ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ። «መሸሻ ውቤ» አሉ። የእርስዎ አባት፣ አያቴ። ቀሲስም፣ «በኛ አገር ልማድ ሰው የወንድሙን ልጅ ክርስትና አያነሳም፤ ባዕድ አንስቶ ነው ዘመድ የሚሆነው። ነገር ግን ልማድ ማስረጃ አይደለም፤ የፍትሐቱን አምጡ» አሉ።

የፍትሐቱ መዝገብ ሙታንን በክርስትና ስማቸው ነው የሚጽፈው። ቀሲስ አምስት ገጽ ያህል አለፉና ቆሙ። «በ፲፱፻፳፮ ውቤ፣ ስመ ክርስትናው ወልደ ገብርኤል፣ ተዝካሩን ልጁ አየለ አወጣ።» ሌላ አራት ገጽ ገልጠው ደግሞ፣ «በ፲፱፻፴፰ ውቤ፣ ስመ ክርስትናው ኃይለ ማርያም፣ ተዝካሩን ልጁ መሸሻ አወጣ።» ዮናታን ነው በዚያች በምትሰናከል አማርኛው፣ «ቀሲስ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትም፣ አይደለም?» ያለው። ሁላችንም ትንፋሽ እስኪያጥረን ሳቅን። አንደኛው ውቤ ያረፈው እርስዎ ሳይወለዱ ስምንት ዓመት ቀድሞ ነው፣ ልጁም አየለ ፈቃደን አዝሎ አገር የለቀቀው እርስዎ ገና ድክ ድክ ሲሉ ነው። ሾላ ምንጭ ሁለት ውቤ እንደነበራት ከየት ሊያውቁ ይችላሉ?

ደስታችን ገና ሳይሞቅ ግን ቀሲስ እጃቸውን አነሱ። «የሥጋው ዝምድና ቀረ፤ የመንፈሱ ግን ተገኘ» አሉ። መሸሻ ፈቃደን ክርስትና ካነሳ ሁለቱ ቤቶች በክርስትና ዘመድ ሆነዋል፣ ክርስትና ደግሞ ጋብቻን ይከለክላል። ብርነሽ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ «ከአንዱ ሸሽተን በሌላው ተያዝን» አለች። ቀሲስ ክልከላው እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ይሄዳል ብለው እንደማያስቡ፣ ግን ብቻቸውን እንደማይወስኑ፣ ከሳቸው የሚበልጡትን ሊቃውንት እንደሚጠይቁ ነገሩን። አምስት ቀን ጠበቅን። በአራተኛው ቀን ለሜቭራው ኮሪ ሁለቱንም ካልሲ በአንድ እግር ላጠልቅላቸው ስታገል ያዙኝ።

ዓርብ ዕለት ከሥራ ስመለስ ትራም ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ቀሲስ ወልደየስ ነበሩ። ክልከላው ያነሳውንና የተነሳውን፣ የነሱንም ልጆች ነው፤ ዮናታን የልጅ ልጅ፣ ሳያት ደግሞ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸውና አይደርስባቸውም ተብሏል አሉኝ። «ይጋቡ» አሉ። አባባ፣ እዚያው ሰው መሐል ቆሜ አለቀስሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት የሞሮኮ እናት ሰው የሞተብኝ መስሏቸው እጄን ይዘው አጽናኑኝ። ሰርግ ነው ስላቸው በሌላ እጃቸው ጉንጬን መታ መታ አድርገው አብረውኝ ሳቁ።

አሁን ደግሞ ቁጭ ብለው ይስሙኝ። አቶ ፈቃደ በሕይወት አሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ድሬዳዋ ይኖራሉ። አባታቸው አየለ የባቡር ሥራ ፍለጋ ቤተሰቡን ይዞ ሲሄድ እሳቸው ጡት ያልጣሉ ሕፃን ነበሩ። «ክርስትና አባትህ መሸሻ ይባላል፣ ደግ ሰው ነው» እየተባሉ አደጉ እንጂ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው የሚነግራቸው አላገኙም። ብርነሽ ደውላ ሁሉንም ስትነግራቸው እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያ «ክርስትና አባቴ ልጅ አለው?» ብለው ጠየቁ። እሷም «አለው፤ ሰርጉን የከለከለው እሱ ነው» አለቻቸው። አቶ ፈቃደ እስኪያስላቸው ስቀው፣ «ደግ አደረገ። ሳይጠይቅ ልጅ የሚድር ወንድም አልፈልግም» አሉ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ልጃቸው ይዟቸው ደብረ ብርሃን ሊመጡ ቆርጠዋል። የሚያርፉት እርስዎ ዘንድ ነው፣ ሆቴል አይሆንም ብለዋል።

አባባ፣ ሳልነግርዎ ስላደረግሁት ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ አልተሳሳቱም። በያዙት ስም ልክ ቆጥረዋል፤ እርስዎ ባያስቆሙን ያን መዝገብ የሚገልጥ አይኖርም ነበር። ሰርጉን ለግንቦት ሁለት እሑድ አስበነዋል፤ ቦታው ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያናችን ነው። ግን ማንንም አልጠራንም፣ አዳራሹንም አልያዝንም። ልጆቹ የእርስዎን ቃል ነው የሚጠብቁት። ከተቀየሙኝ እኔን ይቅጡኝ፣ እነሱን ይመርቁልኝ።

የእማዬን ጉልበት እስማለሁ። እዮብን በኔ ጥፋት እንዳይቀጡት ደግሜ እለምንዎታለሁ፤ ለመንገዱ ድካም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ሐምራዊትን ባሏ ሁለት ቀን ሲጠፋ ስለቻለችው ሁሉ ያመስግኑልኝ። ትንሿን ልጃቸውን ረሆቦትን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። መሳይ በግንባሩ ወድቆ እጅ ይነሳዎታል። ሳያትና ዮናታን እጅዎን ይስማሉ፤ ብርነሽም በክብር ሰላም ብላዎታለች።

ለአቶ ፈቃደም ቤትዎ ሲደርሱ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እስካሁን ምን ብዬ እንደምጠራቸው አላወቅሁም፤ አጎቴ ልበላቸው? እርስዎ ይንገሩኝ።

ልጅዎ አበባይሽ ገብረሥላሴ
አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ
መጋቢት ፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.