ከሞላው ባትሪ አጥር ሥር የተጻፈ የትንፋሽ ማመልከቻ

ለመብራት መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ የቀዘቀዘ፣ መብራትዎም እንደ ወትሮው የማይቆራረጥ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ባይጠይቁኝም፣ ደኅና ነኝ። የምጽፈው ስለ ታላቅ እህቴ ትንፋሽ ስለሆነ፣ ከሥራዎ ብዛት ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆርሰው እንዲሰጡኝ ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ።

አስቀድሜ ማንነቴን ልግለጽ። በመሥሪያ ቤትዎ ዋና በር ፊት ለፊት፣ ከዣንጥላ ሥር፣ አንድ እግሯ በካርቶን በተደገፈ ጠረጴዛ ላይ ለሰው ማመልከቻ የምጽፈው ሰው ነኝ። መኪናዎ በገባና በወጣ ቁጥር ብድግ ብዬ እጅ የምነሳው እኔ ነኝ። ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት ለእርስዎና ከእርስዎ በፊት ለነበሩት አራት ሥራ አስኪያጆች ከቀረቡት «በትሕትና አመለክታለሁ» ከሚሉ ወረቀቶች አብዛኞቹ በእኔ እጅ የተጻፉ ናቸውና፣ በአካል ባንተዋወቅም በጽሑፍ የቆየ ዝምድና አለን ማለት ይቻላል። ለራሴ ጉዳይ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፊደሉ ቢንቀጠቀጥብኝ ይቅር ይበሉኝ።

እህቴን እታለም እያልኩ ነው የምጠራት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በክር ፋብሪካ ስትሠራ ደመወዟ እኔን አስተማረኝ፣ የጥጡ ብናኝ ደግሞ ሳንባዋ ውስጥ ቀረ። ዛሬ አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ አድርጋ፣ ከአልጋዋ አጠገብ ያለው ማሽን እያጣራ የሚሰጣትን ኦክስጅን እየሳበች ትኖራለች። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ የምንቀይርላት አንድ ሲሊንደር አለን፤ እየቆጠብን ስንከፍተው አራት ሰዓት ያቆየናል። ከአራት ሰዓት በኋላ ስላለው ጊዜ እኔና እሷ ተነጋግረን አናውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከመኝታ ቤታችን መስኮት ትይዩ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ አርባ ስምንት ነጫጭ ኮንቴይነሮች ተደረደሩ። በውስጣቸው ያለው ባትሪ መሆኑን፣ ትርፍ መብራት ባለ ጊዜ ተሞልቶ በጠፋ ጊዜ ለሕዝብ እንደሚያካፍል፣ በምረቃው ዕለት እርስዎ በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ እታለም በመስኮት በኩል ሰማችዎ። በደስታ አለቀሰች፤ ሲሊንደሩን ለሌላ በሽተኛ ስጥልኝ አለችኝ። እኔ ለወትሮው ቃሏን አላጥፍም። ያን ዕለት ግን ነገ ዛሬ እያልኩ ሳልሰጥ ቀረሁ፤ እንኳን ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ። በቁጥር የተቀመጠ ነገር ለመዝገብ ቤት እንደሚመች ከልምድ አውቃለሁ።

አንደኛ፦ ባትሪው ምንጊዜም ሙሉ ስለሆነ አመሰግናለሁ። በበሩ ላይ በቀይ የሚበራው ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ ከዘጠና ሰባት በመቶ ወርዶ አያውቅም። ይህም የሆነው በመሥሪያ ቤትዎ አሠራር በባትሪው ውስጥ ያለው መብራት እንደ ወረቀትና እንደ መኪና ጎማ በዕቃ ግምጃ ቤት የተመዘገበ ንብረት በመሆኑ፣ የሦስት ኃላፊዎች ፊርማ ያለበት የንብረት ማውጫ ቅጽ ሳይቀርብ ከግቢው ስለማይወጣ ነው። በዚሁ ጊዜ ሰፈራችን ስልሳ አንድ ጊዜ ጨልሟል። የባትሪ ጣቢያው በበኩሉ ንብረትን ሳያጎድል በመጠበቅ ሦስት ጊዜ የምስክር ወረቀት ተሸልሟል፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

ሁለተኛ፦ ባለፈው ወር መብራት በጠፋ ቀን ስለተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። እታለምን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ አደራ ብዬ ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። የንብረት ኃላፊው መልካም ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ውኃም ሰጠኝ። ወደ ሰፈራችን የሚወስደው ማብሪያ ከተቀመጠበት ሳይነሳ በእጁ የሚደርስበት መሆኑንም አሳየኝ። ነገር ግን ከፈራሚዎቹ አንደኛው ስብሰባ ላይ፣ ሁለተኛው እረፍት ላይ፣ ሦስተኛው ጡረታ ላይ ናቸው። «ጋሼ፣ ቁልፉማ ይኸው፤ እኔ የሌለኝ ፊርማው ነው» ብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሱን ልቀየመው ብል አንጀቴ እምቢ አለኝ። መብራቱ የመጣው በጠፋ በሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃው ነው። ቤት ስደርስ የእታለም ከንፈር ጠቁሯል፤ ልብስ ሰፊዋ የሲሊንደሩን የመለኪያ መርፌ እያየች እጇን ይዛታለች።

ሦስተኛ፦ ኮንቴይነሮቻችሁ እንዳይግሉ የምታደርጉላቸውን እንክብካቤ አደንቃለሁ። ሰፈሩ በጨለመ ሰዓት የእነሱ ማቀዝቀዣ ከዚያው ከባትሪው እየወሰደ፣ ምንም ቅጽ ሳይሞላ፣ መሽከርከሩን አያቋርጥም። እታለም ያን ድምፅ በመስኮት አዳምጣ፣ የእነሱ ሳንባ ከእኔ ይሻላል አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠባት። እኔ ወጥቼ አጥራችሁን ተደግፌ አለቀስኩ። አጥሩ ጠንካራ ነው፤ ለእሱም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፦ እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ በየቀኑ እየተሞላ እየወጣ ካልሠራ፣ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ከተቀመጠ ቶሎ እንደሚያረጅ በጽሑፍ ያመለከተችው ወጣት መሐንዲስ ወደ ስልጠና ክፍል ስለተዛወረች ደስ ብሎኛል። ሌሎችን የምታስተምረው አታጣም። የዝውውር ቅሬታዋን የጻፍኩላት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

አምስተኛውን ስጽፍ ምስጋና ያልቅብኛል። ትናንት በሰፈራችን ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የፊታችን ሐሙስ እንግዶች ባትሪውን ሊጎበኙ ይመጣሉ። ቀዩ ቁጥር በዘጠና ሰባት እንዳይታይባችሁ፣ መቶ እስኪሞላ ድረስ የሰፈራችን መብራት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ይቋረጣል። ለትብብራችንም ከወዲሁ ተመስግነናል። ይህ ማለት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሲሊንደሩ አራት ሰዓት ነው። ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እርስዎ እንግዶችዎን እያስጎበኙ ሳለ፣ ከአጥሩ ወዲህ እህቴ የምትስበው ነገር ያልቅባታል።

ሌላ መላ ፈልግ እንዳይሉኝ ሁሉንም ሞክሬያለሁ። ሆስፒታሉ አልጋ የለኝም፣ ሲብስባት አምጣት አለኝ፤ ባለፈው ሲብስባት ወስጃት ኮሪደር ላይ ተቀምጠን የራሳችንን ሲሊንደር ጨርሰን ተመለስን። ሁለተኛ ሲሊንደር የሚያውስ ሰው ፍለጋ የማውቀውን በር ሁሉ አንኳኳሁ፤ አላገኘሁም። የሚሞላልን ድርጅት ደግሞ የእኛኑ መስመር ስለሚጠቀም ሐሙስ ዝግ ነው።

አሁን የምናገረውን ነገር ለእታለም እንኳ አልነገርኳትም። ባትሪው በተመረቀ በሳምንቱ ያ መልካም የንብረት ኃላፊ ተጨንቆ ዣንጥላዬ ሥር መጣ። መብራቱ ቢጎድል በእኔ ላይ ይመጣል፣ እንደማንኛውም ንብረት ተመዝግቦ ያለ ሦስት ፊርማ እንዳይወጣ ይታዘዝልኝ ብለህ ጻፍልኝ አለኝ። ጻፍኩለት። አሳምሬ፣ ቃል መርጬ፣ «ለሕዝብ ሀብት ካለኝ ተቆርቋሪነት የተነሳ» ብዬ ጻፍኩለት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ሁሉ በማግስቱ የተፈቀደው እሱ ብቻ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ለእታለም በኩራት አወራሁላት፤ ምን ጽፌ እንደተፈቀደልኝ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። በገዛ እጄ አፏን ዘግቼባታለሁ፤ ዛሬ በዚያው እጄ ክፈቱላት እያልኩ እለምናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ አልቋል፤ የቀረኝ ፍርሃት ነው። ኮንቴይነሮቹን አንሱ አላልኩም፤ ለሰፈሩ ሁሉ አብሩም አላልኩም። ሐሙስ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንድ ማሽን የሚያሠራ መብራት ከአጥሩ በላይ ይሻገርልን። ቀዩ ቁጥር ሳይነቃነቅ ይህን ማድረግ እንደሚቻል መሐንዲሷ ነግራኛለች። ሽቦውን እኔ አቀርባለሁ። ፊርማው ከጠፋ ደግሞ በእኔ ስም ይጻፍ፤ ጎደለ ከተባለ እኔ ልጠየቅ፣ ልታሰር።

የሥልጣን ዘመንዎ የተራዘመ፣ ባትሪዎ የማይጎድል፣ እንግዶችዎም በሰላም ገብተው በሰላም የሚወጡ ይሁኑ እያልኩ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ከበርዎ ፊት ለፊት ከዣንጥላው ሥር የሚቀመጠው
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል
ለመዝገብ ቤት
ለሐሙስ እንግዶች
ለእህቴ (ስለ ሦስቱ ፊርማ ከተናዘዝኩት በቀር ተነብቦላታል)

ማስታወሻ፦ ድካምዎን ለማቅለል ብዬ የንብረት ማውጫ ቅጹን ራሴ ሞልቼ አያይዣለሁ። የዕቃው ዓይነት በሚለው ላይ «መብራት»፣ ብዛት በሚለው ላይ «ለአንድ ማሽን፣ ለአምስት ሰዓት»፣ የተፈለገበት ምክንያት በሚለው ላይ «ለመተንፈስ» ብያለሁ። ዕቃው የሚመለስበት ቀን ከሚለው ላይ ስደርስ ምን እንደምሞላ ጠፍቶኝ እታለምን ጠየቅኋት። ተንፍሼ ስጨርስ እመልሳለሁ ብለህ ጻፍላቸው አለችኝ፤ እንዳለችኝ ጽፌዋለሁ።