በሦስተኛ ፎቅ የሚገኝ ባሕር ይነሣ ስለመባሉ

ለተከበሩ አቶ ፍሰሐ ሀብተ ማርያም
የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ልደታ፣ ሁለተኛ ፎቅ

ክቡር ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት፣ የደም ግፊትዎን መውረድ፣ እንዲሁም ቀና ብለው የእኔን ወለል ሲመለከቱ የሚያስቸግርዎትን የአንገትዎን መሻል ከልብ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ ወይዘሮ እንዳለች፣ ሁለት ዓሦች፣ አንድ ሽሪምፕና አሥራ አንድ ኮራሎች እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ በእርስዎ ፊርማ መሠረት ግን ደኅና የምንሆነው ለአሥር ቀን ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከተለጠፈበት ደረጃ ላይ ቆመው ለሚያነቡ ጎረቤቶቼ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ የሰው ፍቺ፣ የሰው ውርስና የሰው ክርክር ስጽፍ የኖርኩ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሳሎኔ ውስጥ አንድ የጨው ውሃ ገንዳ አቆምኩ፤ ማታ ከሥራ ስገባ ማንንም የማይከስ ፍጥረት ማየት ስላማረኝ ነው። ኮራል የሚባለው ድንጋይ ይመስላል እንጂ እስትንፋስ ያለው የባሕር ነገር ነው፤ ውሃው ከቆሸሸበት ይሞታል። ስለዚህ የጠመንጃ ያዥ ሰፈሩ መስታወት ቆራጭ ሱፍያን ሳምፕ ሠራልኝ። ሳምፕ ማለት ከዋናው ገንዳ ሥር ቁምሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው፤ የላይኛው ውሃ በቱቦ ወደ እሱ ይወርዳል፣ እዚያ ይጣራል፣ ፓምፑም መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይኸው ነው። ኮሚቴዎ ይህንን ቁምሳጥን ነቅዬ እንዳወጣ ወስኖብኛል፤ ለውሳኔውም ምክንያቶቹን ስለዘረዘረልኝ እያመሰገንኩ እንደሚከተለው መልስ እሰጣለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ድምፁ። ሳምፑ ሥራ በጀመረበት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ውሃው በቱቦው ሲወርድ ጩኸቱ እስከ ምድር ቤት ተሰማ። የብሎካችን የውሃ ፈረቃ ሐሙስና እሑድ መሆኑን እዚህ የተወለደ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ወይ ጉድ! ሰው ሁሉ ባልተጠበቀ ቀን ውሃ የመጣ መስሎት ጀሪካን ይዞ ወጣ፣ ቧንቧ ሁሉ ተከፈተ፣ የምድር ቤቷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ያለ የሌለ ልብሳቸውን ዘፍዝፈው አረፋ እስከ ክንዳቸው ደርሶ እስከ ሐሙስ ጠበቁ። ኮሚቴዎ ይህንን «ሐሰተኛ የውሃ ድምፅ በማሰማት ነዋሪን ማወናበድ» ብሎ ጽፎታል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ዓይነት ክስ ስጽፍ እንዲህ ያለ ወንጀል ገጥሞኝ ስለማያውቅ ለሙያ ማሻሻያው ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በማግስቱ ቱቦው ላይ ቫልቭ ገጥሜ ድምፁን አጥፍቻለሁ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ግን እስከ ዛሬ ሰላምታ የሚሰጡኝ በግማሽ አፋቸው ነው፤ እውነታቸውን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈሰሰው ውሃ። እዚህ ላይ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ አልክድም። ሱፍያን ሳምፑ ላይ ከግማሹ በታች በቀይ ቀለም መስመር አሥምሮ ከዚህ በላይ እንዳልሞላ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ውሃ በመጣ ቀን ባዶ የቀረ ዕቃ ማየት አይሆንልኝም። ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ ስጨርስ ዓይኔ ሳምፑ ላይ ዐረፈ፤ ጨዉን በጥብጬ እሱንም እስከ አፉ ሞላሁትና ረክቼ ተቀመጥኩ። ለካስ ያ ባዶ ቦታ ያለ ምክንያት አልተተወም፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆምና ከላይኛው ገንዳ የሚወርደው ትርፍ ውሃ የሚያርፈው እዚያ ነው። መብራት ደግሞ ይጠፋል ብሎ ማን ይጠረጥራል! ሠላሳ ሊትር ያህል የጨው ውሃ በወለሌ ሾልኮ ሶፋዎ ላይ ወረደ። ወዲያው ወርጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ሶፋውን አሳጠብኩ፣ ጣሪያዎን በገዛ እጄ ቀባሁ፤ ቀለሙን ባልወደዱት ጊዜም እንደገና ቀባሁ። ውሃውን ወደ መስመሩ አወረድኩ፤ በመመለሻው ቱቦ ላይም አየር እንዲገባና ውሃውን መልሶ እንዳይስብ ትንሽ ቀዳዳ በሳሁ። ሌላ አገር ሳምፕ የሚሠሩ ሰዎች ሶኬት እየነቀሉ ይፈትኑታል አሉ፤ እኛ እንኳ ፈታኝ አላጣንም። ከዚያ ወዲህ መብራት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጠፍቷል፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ሦስተኛ፣ ስለ ክብደቱ። ገንዳዎቼ «የሕንፃውን ህልውና አደጋ ላይ ጥለዋል» ተብሏል። ሁለቱ ተደምረው ሁለት መቶ ሰማንያ ሊትር ይይዛሉ። በረንዳዎ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ጥቋቁር የውሃ ሮቶዎች እያንዳንዳቸው አምስት መቶ ናቸው፤ መታጠቢያ ቤትዎ ያሉትን በርሜሎች አልቆጠርኩም፣ የሰው ገመና ነውና። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ ስለ እርስዎ ግን አይባልም።

አራተኛው ደሜን ያፈላው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጣሪያዎ እንደገና ረጠበ። እኔ ሳልጠራ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ፣ ሳምፑ ይነቀል ብሎ ወሰነ። የረጠበውን ለማየት ብለምንዎ ስለፈቀዱልኝ ደግነትዎን አልረሳም። ወንበር ላይ ወጥቼ ጠብታውን በጣቴ ነካሁና ቀመስኩት። ጨው የለውም! እኔን ላለማመን በቂ ምክንያት ያላቸው ወይዘሮ ወለተሥላሴም ቀመሱ፤ ጨው እንደሌለው በሰው ፊት መሰከሩ። እርስዎ እንዲቀምሱ በትሕትና ብጋብዝዎ ጾም ነው አሉኝ። ከዚያም በላይ ይህ ጠብታ የሚወርደው ሐሙስና እሑድ ብቻ ነው፤ የእኔ ሳምፕ ግን በሳምንት ሰባቱንም ቀን ይሠራል፣ ፈረቃ አያውቅም። የሚያፈሰው በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው የጋራው የውሃ መስመር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ስለዚሁ መስመር በጥቅምት አንድ ማመልከቻ፣ በታኅሣሥም ሌላ ለኮሚቴዎ አስገብቻለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ቧንቧ ከመጠገን ዓሣ መክሰስ እንደሚቀል አሁን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሰብሳቢ፣ አልነቅልም።

ሳምፑ ከቆመ ውሃው ይበላሻል፤ ኮራሎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ነጥተው ይሞታሉ፣ ዓሦቹም ይከተላሉ። እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ብዞር የጨው ውሃ አዘጋጅቶ የሚያስጠጋቸው ጎረቤት አላገኝም። ባለቤቴ ይህ ገንዳ ሲገባ አበድክ ብላኝ ሁለት ሳምንት አኩርፋኝ ነበር፤ ዛሬ ቁርሷን የምትበላው ወንበሯን ወደ ገንዳው አዙራ ነው። ለትልቁ ዓሣ ስም አውጥታለች፤ ስሙን አልነግርዎትም፣ ደብዳቤ ይጽፉበታል። የእርስዎን ውሳኔ ሳነብላት አለቀሰች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው እንባ በወረቀት ላይ ሳሰፍር ኖሬ የራሴን ሚስት እንባ አጣጥፌ ኪሴ አልከትም። እኒህን ፍጥረቶች እወዳቸዋለሁ፤ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ይህን ለመናገር አላፍርም። የሚነቅል ካለ በሬን አንኳኩቶ ይግባ፤ መጀመሪያ ግን ግድግዳውን ይክፈትና ቧንቧውን ይይ።

እስከዚያው ድረስ ኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባና ደረቅ ጣሪያ እንዲገጥመው እየጸለይኩ፣ ከበላይዎ ብኖርም ሁልጊዜ ከእግርዎ ሥር የምገኝ፣ በጥፋቴ የማፍር፣ ባላጠፋሁት የማልሰግድ፣

ዮፍታሔ ወርቅአፈራሁ
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ሦስተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦
ለምድር ቤቷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ ከይቅርታ ጋር
ለመስታወት ቆራጭ ሱፍያን፣ መስመሩን ባለማክበሬ
ለጋራው ቧንቧ፣ ባለበት

ማስታወሻ፦ የኮሚቴው ጸሐፊ ውሳኔዎን ያስተየበው ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከጎኔ በሚሠራው በባሮክ ዘንድ ነው። ባሮክም ልማዱ ነውና ለማን እንደሚደርስ ልብ ሳይል እንዳርምለት ሰጠኝ። አራት ስሕተት አስተካክዬ፣ ለክብርዎ ስል «በጥብቅ» የሚለውን ቃል ጨምሬ መለስኩለት። ደብዳቤው «ይህ ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በአሥር ቀን ውስጥ» ይላል፤ ቀን ግን አልተጻፈበትም። አይቼዋለሁ። የተሰጠኝ የተጻፈውን እንዳርም ነበርና ዝም አልኩ።